ቢጫዋ ቢራቢሮ ሰስባኒያዬን እየበላች ነው?

ጠያቂ (ሐይቅ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለበጎቼ ብዬ ጓሮ ሰስባኒያ ተክያለሁ። ክረምት ከገባ ወዲህ ትንንሽ ቢጫ ቢራቢሮ በዝቷል። ችግኙ ላይ ደግሞ ቅጠል መስሎ የተኛ ቀጭን አረንጓዴ ትል አገኘሁ። ልጄ ስልኩ ላይ ፈልጎ «ዩሬማ ብሪጊታ ናት፣ ንዑስ ዝርያዋ ሩቤላ» አለኝ። ልክ ነው? መድኃኒትስ ልርጭ?

ከኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ፣ መርጨቱን ተወው። በጎች የሚበሉት ቅጠል እኮ ነው! ንቡስ? ትሉን በእጅህ ልቀም። ሰስባኒያ እንደሆነ ቶሎ ያቆጠቁጣል።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልጅህ ጎበዝ ነው፣ ግን አገር ተሳስቷል። ሩቤላ የህንድና የደቡብ ምሥራቅ እስያዋ ናት። የአፍሪካዋ «ብሪጊታ ብሪጊታ» ነው የምትባለው። ስሙ የተደገመው የሆላንዱ የነፍሳት አጥኚ ስቶል በ1780 (በፈረንጅ) መጀመሪያ ስም ያወጣላት በአፍሪካዋ ስለሆነ ነው።

ደግሞ የብሪጊታ ትል ሰስባኒያ ላይ አይውልም። የሚወደው ሜዳ ላይ የሚበቅለውን፣ ቅጠሉ ግራር የሚመስለውን ባለቢጫ አበባ ትንሽ ተክል ነው። እኔ የምጠረጥረው እህቷን ዩሬማ ሄካቤን ነው። የአፍሪካዋ ንዑስ ዝርያ ሶሊፌራ ትባላለች። ሰስባኒያ ይስማማታል።

መለያው የፊት ክንፏ ጥቁር ጠርዝ ነው። ሄካቤ ላይ ጠርዙ ወደ ውስጥ በኩል በጥርስ የተነከሰ ይመስላል። ብሪጊታ ላይ ለስለስ ብሎ ይወርዳል። ችግሩ፣ ስታርፍ ክንፏን ትገጥማለች። ጠዋት ብርዱ ሳይለቃት ጠጋ ብለህ በፀሐይ አንጻር እያት፤ ጥቁሩ በክንፏ አልፎ ይታይሃል።

ጠያቂ፦ አየሁ! የተነከሰ ነው። ግን ባለፈው ጥር ሜዳው ላይ ያየኋት ከሥር ቀላ ያለች ነበረች። ሌላ ዝርያ ናት?

የባዮሎጂ መምህር፦ እሷ ብሪጊታ ትመስለኛለች። በበጋ የክንፏ ሥር ይቀላል፣ ጥቁሩም ይጠባል። ደረቅ ሣር ውስጥ ስታርፍ አትለይም። ዝርያው ያው ነው፣ ልብሱ ነው የወቅት።

ከደሴ፦ ብርቱካንማ ካየህ ደግሞ ኮሊያስ ኤሌክቶ ናት፤ ትሏ አልፋልፋና ማገጥ ይበላል። የኢትዮጵያ ደጋ ንዑስ ዝርያዋ ስሟ ማን መሰለህ? «ምኒልኪ»! የወሎው ራስ ሚካኤል የምኒልክ አማች አይደሉ? ወሎ ለሷ እንግዳ አገር አይደለም 😄

ጠያቂ፦ ሳቅኩ! ትሎቹን ለቅሜ ለዶሮዎቹ ሰጠሁ። ልጄ ግን 2 ደብቆ ከነቅጠሉ ጠርሙስ ውስጥ ከቷል፤ ቢራቢሮ ሲሆኑ ላያቸው ብሎ።

ከኮምቦልቻ፦ ክዳኑን ብሱት። ቅጠሉንም በየቀኑ ይቀይርላቸው።