አምስት የአንድ እናት ልጆች በአንድ የጦር መርከብ፦ «የሱሊቫን ሕግ» የሚባል በእርግጥ አለ?

የጥያቄ_ሰው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አምስቱ የሱሊቫን ወንድማማቾች ጁኖ በምትባል መርከብ ላይ አብረው አለቁ፤ ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ወንድማማቾች በአንድ መርከብ እንዳያገለግሉ ሕግ አወጣች ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። የሕጉን ቁጥርና የወጣበትን ዓመት ብፈልግ ግን ላገኝ አልቻልኩም። ሦስት ነገር እንድትነግሩኝ ነው። መጀመሪያውኑ አምስቱን እንዴት አንድ ላይ መደቧቸው? መርከቧ ስትሰጥም ያ ሁሉ ሰው እንዴት አለቀ? ሕጉስ አለ ወይስ የለም? አሜሪካ ያደጉ የሐበሻ ልጆችም ወንድምና እኅት ሆነው ባሕር ኃይል ሊመዘገቡ ይችላሉና ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይመስለኝም።

መዝገብ_አገላባጭ

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሕጉ የለም። ኮንግረስ አላወጣውም፣ ፕሬዚዳንቱም አላዘዘም። የነበረው የባሕር ኃይሉ የውስጥ መመሪያ ብቻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አንድ ላይ የተመደቡት ራሳቸው ጠይቀው ነው። የዋተርሉ፣ አዮዋ ልጆች ናቸው፤ ሲሞቱ ጆርጅ 27፣ ፍራንክ 26፣ ጆ 24፣ ማት 23፣ አል 20 ዓመታቸው ነበር። ጆርጅና ፍራንክ ለባሕር ኃይሉ እንግዳ አልነበሩም፤ ቀድመው አገልግለው በ1941 ነው የወጡት። ፐርል ሃርበር ሲደበደብ ቢል ቦል የሚባል ወዳጃቸው አሪዞና በምትባል የጦር መርከብ ላይ ሞተ። ከዚያ አምስቱም «አብረን ከመደባችሁን እንመዘገባለን፣ አለዚያ የለም» አሉ፤ ባሕር ኃይሉም ተቀበለ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1942 ተመዘገቡ፣ ግሬት ሌክስ ሠለጠኑ፣ ፌብሩዋሪ 14 ጁኖ ኒው ዮርክ ላይ ሥራ ስትጀምር አምስቱም በላይዋ ነበሩ። ያን ቀን ጎን ለጎን ቆመው የተነሡት ፎቶ ነው እስከ ዛሬ የሚዞረው።

አሁን ሲሰማ እብደት ይመስላል፤ ለዘመኑ ግን የተለመደ ነበር። በዚያችው በጁኖ ላይ ሮጀርስ የሚባሉ ሌሎች አራት ወንድማማቾች ነበሩ። ሁለቱ ከውጊያው በፊት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ተረፉ፣ ሁለቱ ሞቱ። አሪዞና ላይ ደግሞ በዲሴምበር 7 ቀን 1941 ሁለትም ሦስትም ሆነው አብረው የሚያገለግሉ 37 የወንድማማቾች ስብስብ ተመዝግቧል፣ በጠቅላላው 77 ሰው። ከእነዚህ 62ቱ ሞቱ። አባትና ልጅም ነበሩባት፤ ቶማስ ፍሪና ልጁ ዊልያም፣ ሁለቱም አልተረፉም።

ባሕር ኃይሉ ከዚህ በኋላ እንኳ ልማዱን ወዲያው አልተወም። ጁላይ 1942 ላይ የመርከብ አዛዦች «ከወንድሜ ጋር መድቡኝ» የሚል ማመልከቻ ወደ በላይ እንዳያስተላልፉ መመሪያ ወጣ። ሱሊቫኖች ያን ጊዜ ጁኖ ላይ አምስት ወር ሆኗቸዋል። መመሪያው የሚከለክለው አዲስ ጥያቄን ስለሆነ እነሱን አልነካቸውም።

ቦይለር_ክፍል

የመርከቧን ነገር እኔ ልሞክር። ጁኖ የአትላንታ ዓይነት ቀላል ክሩዘር (መካከለኛ የጦር መርከብ) ናት፤ ክብደቷ 6,000 ቶን ገደማ፣ ርዝመቷ 165 ሜትር። 16 ባለ 5 ኢንች መድፎች በስምንት ማማ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተተክለውባታል። ለአውሮፕላን መከላከያ በጣም ጥሩ ናት። ችግሩ ያ ሁሉ መድፍ የሚበላው ጥይት ጠባብና ቀጭን ቀፎ ውስጥ መታጨቁ ነው። የጎን ብረቷ ከወፈረበት ቦታ እንኳ 95 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢወፍርም ቶርፔዶ (ውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ከውኃ በታች ስለሚመታ ብዙ አያድንም ነበር።

ኖቬምበር 13 ቀን 1942 ሌሊት፣ ጓዳልካናል በተባለችው የፓሲፊክ ደሴት አጠገብ በተደረገው የቅርብ ርቀት ውጊያ፣ ከጃፓን ዲስትሮየር (አነስ ያለች ፈጣን የጦር መርከብ) የተተኮሰ ቶርፔዶ በግራ በኩል የፊተኛውን ቦይለር ክፍል መታው። አከርካሪዋ ተጎዳ። ሲነጋ አፍንጫዋ 12 ጫማ ያህል ወደ ውኃ ጠልቆ በ13 ኖት እያዘገመች ከተጎዱ ጓደኞቿ ጋር ወደ ኋላ ታፈገፍግ ነበር። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ አይ-26 የተባለው የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ሳን ፍራንሲስኮ የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ አልሞ ተኮሰ። ቶርፔዶዎቹ ሳን ፍራንሲስኮን ስተው በፊቷ አለፉ፤ አንዱ ግን ሌሊት በተመታችበት በዚያው ቦታ ጁኖን አገኛት። ጥይት ክፍሏ ፈነዳ፣ ለሁለት ተከፈለች፣ በ20 ሰከንድ ውስጥ ከውኃው በላይ ምንም አልቀረም። 20 ሰከንድ ማለት ከታች ክፍል ያለ ሰው መሰላሉን እንኳ ወጥቶ አይጨርስም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ትልቁ ስሕተት ያ ነው። ከፍንዳታው በኋላ ከ100 በላይ ሰዎች በሕይወት ውኃው ላይ ነበሩ። የቀረውን የበላው የመልእክት ሰንሰለቱ ነው። የቡድኑ አዛዥ ሄለና የተባለችው መርከብ ካፒቴን ሁቨር ነበር። ኦባነን የተባለችውን ዲስትሮየር ቀደም ሲል ሬዲዮ እንድትልክ ርቃ እንድትሄድ አድርጓታል፤ ምክንያቱም እዚያው ቢያስተላልፉ የት እንዳሉ ይታወቃል። ስቴሬት ተጎድታለች፣ ሳን ፍራንሲስኮ መቆም የማትችልበት ሁኔታ ላይ ናት፣ ደህና የሆነች ዲስትሮየር ፍሌቸር ብቻ ናት። ሰርጓጁ ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ሁቨር ሳይቆም አለፈ፤ በላይ ይበር ለነበረ ቢ-17 ቦምብ ጣይ በመብራት ምልክት «ሰዎች ይኖራሉ፣ አሳውቅ» አለው። አውሮፕላኑ ሪፖርቱን አደረሰ፤ ሪፖርቱ ግን ከሌላ ወረቀት ጋር ተደራርቦ ቀረ። ፍለጋ በጊዜው አልወጣም።

ስምንት ቀን። ቁስል፣ ከመርከቧ የፈሰሰ ነዳጅ፣ የቀን ፀሐይ፣ የሌሊት ብርድ፣ ሻርክ። ከሁሉ የሚብሰው ጥም ነው፦ የባሕር ውኃ የጠጣ ሰው ጨዉን ለማስወጣት ኩላሊቱ ከጠጣው በላይ ውኃ ያወጣል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይቃዣል፣ «መርከብ መጣ» ብሎ ከተንሳፋፊው ይወርዳል። በሕይወት የተገኙት 10 ብቻ ናቸው፤ ገሚሱን በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላንና ባላርድ የተባለች መርከብ አነሧቸው፣ ጥቂቱ ራሳቸው ሳን ክሪስቶባል ደሴት ደረሱ። የሟቹ ቁጥር 687 ነው። የተረፉት እንደመሰከሩት ፍራንክ፣ ጆና ማት ወዲያው ሞተዋል፤ አል በማግስቱ ሰጠመ፤ ትልቁ ጆርጅ አራት ወይም አምስት ቀን ቆይቶ ከተንሳፋፊው ወርዶ አልተመለሰም።

የበላይ አዛዡ አድሚራል ሃልሲ ሁቨርን ከአዛዥነት አነሣው፤ በኋላ ግን ይህ የራሱ ውሳኔ ትክክል እንዳልነበረ ሃልሲ ተቀብሏል። በእኔ ግምት የሁቨር ስሕተት አለመቆሙ ሳይሆን መልእክቱን በአንድ መንገድ ብቻ መላኩ ነው። ኦባነን ለሬዲዮ ወጥታ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ ማረጋገጥ ይቻል ነበር።

ሒሳብ_ነኝ

አለያይቶ መመደብ ምን እንደሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳተዋል። የሚሞተውን ሰው ቁጥር አይቀንስም። ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ መርከብ ሠራተኞቿን ሁሉ ይዛ የመጥፋት ዕድሏ ከ10 አንድ ነው እንበል። አምስቱ ወንድማማቾች አንድ መርከብ ላይ ካሉ አምስቱም የመሞት ዕድል ከ10 አንድ ነው። አምስት መርከብ ላይ ቢበተኑ አምስቱም የመሞት ዕድል ከ100,000 አንድ ይሆናል። ግን ቢያንስ አንዱ የመሞት ዕድል ከ10 በመቶ ወደ 41 በመቶ ያድጋል! ከአምስቱ ይሞታሉ ተብሎ የሚጠበቀው በሁለቱም መንገድ ግማሽ ሰው ነው፣ አይለወጥም። እንግዲህ መለያየት የሚከላከለው ቤቱ እንዳይዘጋ ነው፤ መርዶ ግን ወደዚያ ቤት የመድረሱ ዕድል ይበልጣል። ወላጅ የትኛውን ይመርጣል የሚለውን ሒሳብ አይመልሰውም።

የፓተን ወንድማማቾችን ጨምሩበት። ፐርል ሃርበር በተደበደበ ቀን ስድስቱ ኔቫዳ በምትባል የጦር መርከብ ላይ ነበሩ፤ በኋላ ሌክሲንግተን የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ በሜይ 1942 ኮራል ባሕር ላይ ስትሰጥም በላይዋ ነበሩ፤ ሁሉም ተረፉ። ከሱሊቫኖች የሚለያቸው ዕድል ብቻ ነው፣ መመሪያ አይደለም።

መዝገብ_አገላባጭ

ሕግ ላለመኖሩ ማስረጃ ለሚፈልግ 1969ን ይይ። ጁን 3 ሌሊት ፍራንክ ኢ. ኢቫንስ የተባለች የአሜሪካ ዲስትሮየር በደቡብ ቻይና ባሕር ልምምድ ላይ ሳለች በአውስትራሊያዋ አውሮፕላን ተሸካሚ በሜልቦርን ፊት ገብታ ለሁለት ተቆረጠች። የፊት ግማሿ በሦስት ደቂቃ ገደማ ሰጠመ፣ 74 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ሦስቱ የኒዮብራራ፣ ነብራስካ ልጆች ጋሪ፣ ግሬጎሪና ኬሊ ሴጅ ናቸው። ከጁኖ 27 ዓመት በኋላ ነው ይህ። ስማቸው በዋሽንግተኑ የቬትናም መታሰቢያ ግድግዳ ላይ የለም፤ አደጋው ከውጊያ ቀጠና ውጭ ነው የደረሰው ተብሎ።

ሰው ከ«ሱሊቫን ሕግ» ጋር የሚያደባልቀው ሌላ ነገር አለ፦ ብቸኛ የተረፈ ልጅ የሚመለከተው ደንብ። በ1948ቱ የምልመላ ሕግ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በአገልግሎት ላይ የሞተችበት፣ ለቤቱ አንድ የቀረ ወንድ ልጅ በግዳጅ እንዳይመለመል ተደረገ። በኋላ ተሻሽሏል። ልብ በሉ፣ ይህ ለግዳጅ ምልመላ ነው፤ በፈቃዱ የሚገባን አይከለክልም፣ የሚሠራውም ሞት ከደረሰ በኋላ ነው። በአገልግሎት ላይ ያለ ሰው በዚህ ምክንያት ልሰናበት ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ኮንግረስ ጦርነት ወይም ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ ካወጀ ግን አይሠራም።

ለዛሬዎቹ ልጆች፦ ወንድምና እኅት አንድ መርከብ ላይ መመደብ አይከለከልም። ካልፈለጉት በጽሑፍ ያመለክታሉ፣ አንዱ ይዛወራል። ሳይጠይቁ ማንም መጥቶ አይለያቸውም። መልማዩ በቃል «አብራችሁ ትሆናላችሁ» ወይም «ሕጉ ይለያችኋል» ቢል ሁለቱንም አትመኑ፤ የሚይዘው የፈረማችሁት ውል ላይ የተጻፈው ነው።

የጥያቄ_ሰው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤተሰቡስ መርዶውን እንዴት ሰማ? ሬሳ የተገኘላቸው ወንድማማቾችስ እንዴት ይለያሉ? ወንድማማቾች ከሆኑ ዲኤንኤው አንድ አይሆንም እንዴ?

አጥንት_ለዪ

መርዶው እንኳ መርዶ አልነበረም። ወሬው ዋተርሉ ቀድሞ ደርሶ እናታቸው አሌታ «እውነት ነው ወይ» ብላ ለባሕር ኃይሉ ጽፋ ነበር። ጃንዋሪ 12 ቀን 1943 የባሕር ኃይል ሰዎች ቤቷ መጡ፤ ያመጡት ቃል ግን አምስቱም «ጠፍተዋል» የሚል ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በማግስቱ የጻፈላቸው ደብዳቤም «ጠፍተዋል» ነው የሚለው። ጦርነት ላይ ሬሳ ካልተገኘና ምስክሩ ካልተጣራ «ሞተ» ተብሎ አይመዘገብም፤ ቤተሰብ እርሙን ሳያወጣ ወራት ይቆያል። ኤፕሪል 4 ላይ አሌታ በልጆቿ ስም የተሰየመችውን ዲስትሮየር ራሷ መርቃ ወደ ውኃ አስገባች። ስሟ «ዘ ሱሊቫንስ» ነው፣ አምስቱንም እንዲይዝ። ተተኪዋ ዘመናዊት መርከብ ለእኛ ሰፈር ቅርብ ታሪክ አላት፦ ጃንዋሪ 3 ቀን 2000 የመን ውስጥ ኤደን ወደብ ላይ ፈንጂ የጫነች ጀልባ ልትመታት ተነሥታ ጭነቱ ስለከበዳት ራሷ ሰጠመች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር እዚያው የተመታችው ሌላ የአሜሪካ መርከብ ኮል ግን አላመለጠችም።

ዲኤንኤውን በተመለከተ ጥርጣሬህ በግማሹ ልክ ነው። ከውኃ የወጣ አሮጌ አጥንት ላይ ቶሎ የሚገኘው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ዲኤንኤ ነው፤ በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ይተርፋል። እሱ ግን ከእናት ብቻ ስለሚወረስ የአንድ እናት ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አላቸው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚሄደው ዋይ ክሮሞዞምም ወንድማማቾችን አይለይም። ሁለቱ የሚነግሩህ «ይህ አጥንት ከዚህ ቤት ነው» የሚለውን ብቻ ነው። የትኛው ልጅ እንደሆነ የሚለየው ከሁለቱም ወላጅ የሚመጣው ዲኤንኤ ነው፤ ወንድማማቾች በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ፣ ግማሹ ይለያል። ችግሩ ይህኛው ቶሎ ይበላሻል፣ ደግሞ የሚነጻጸርበት ናሙና ያስፈልጋል። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ከሆኑ እሱም አይረዳም።

ስለዚህ ጥርስ ይመጣል፦ የተነቀለው፣ የተሞላው፣ መዝገብ ላይ ያለው። ከዚያ የጭን አጥንት ርዝመት ለቁመት፣ ትከሻን ከደረት የሚያያይዘው አጥንት ውስጠኛ ጫፍ መግጠም ለዕድሜ፤ ያ ጫፍ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው በሃያዎቹ ውስጥ ነው። የዕድሜ ልዩነቱ አንድ ዓመት ከሆነ ግን ምንም አይነግርህም። ፐርል ሃርበር ላይ በሰጠመችው በኦክላሆማ መርከብ ሟቾች ላይ የገጠመው ይህ ነበር፦ 429 ሰው ሞቶ የአብዛኞቹ አጥንት ተቀላቅሎ ተቀበረ፤ በ2015 ከሃዋይ መቃብር 388 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች አፅም እንደገና ወጣ። ከሟቾቹ መካከል ሦስት የባርበር ወንድማማቾች ነበሩ፣ 22፣ 21 እና 19 ዓመት። በ2021 ተለዩ።

ቀላሉ አጋጣሚ አንዱ አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ ነው። ጁሊየስና ሉድቪግ ፓይፐር መንትዮች ነበሩ፣ ሁለቱም የሬዲዮ ሠራተኞች። ኤልኤስቲ-523 የተባለችው የጦር ማጓጓዣ መርከብ ጁን 19 ቀን 1944 ኖርማንዲ አጠገብ ፈንጂ ላይ ወጥታ ስትሰጥም አብረው ሞቱ። የሉድቪግ አስከሬን ተገኝቶ ተቀበረ። በ1961 ፈረንሳዮች የመርከቧን ስብርባሪ ሲያወጡ የተገኘ አፅም ቤልጂየም ውስጥ ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ተቀብሮ ቆየ። ያ አፅም ጁሊየስ መሆኑ በ2017 ተረጋገጠ፤ መንትያው መቃብሩ ስለሚታወቅ ከሁለቱ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ጁን 19 ቀን 2018፣ በሞቱ በ74ኛ ዓመት፣ ኖርማንዲ ወንድሙ አጠገብ ቀበሩት።

ጁኖ ግን በማርች 2018 ስትገኝ ጥልቀቷ 4,200 ሜትር ነው። ከእዚያ የሚወጣ አፅም የለም።