ኤይላት ላይ የባሕር ሥር ጽዳት፦ ዋና ብቻ የሚችል ሰው ይቀበላሉ?

ባሕረኛዋ፦
ሰላም ለቤቱ። እስራኤል ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤይላት የምትኖሩ ወይም ዳይቪንግ (ባሕር ውስጥ መጥለቅ) የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። የሰሜኑ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የፕላስቲክ ኩባያውና ፌስታሉ ከዳርቻው እየተነሣ ውኃ ውስጥ ሲገባ አያለሁ፣ ያበሽቀኛል። ጠላቂዎች በፈቃደኝነት እየወረዱ ከኮራሉ ላይ ቆሻሻ እንደሚለቅሙ ሰማሁና እኔም አማረኝ። ዋና እችላለሁ፣ ጠልቄ ግን አላውቅም። እንደኔ ያለ ጀማሪ ይቀበላሉ? ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ ጥቅም አለው ወይስ ለፎቶ ነው?

ጥልቁ፦
እህቴ፣ ዋና መቻልሽ ጥሩ ነው፤ የአየር ታንክ አዝሎ ለመውረድ ግን አይበቃም። መጀመሪያ ኦፕን ዋተር የሚባለውን የጀማሪ ጠላቂዎች ኮርስ ውሰጂ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፣ ስትጨርሺ ከጓደኛ ጋር እስከ 18 ሜትር መውረድ ትችያለሽ። እስራኤል ውስጥ የዳይቪንግ ኢንሹራንስም ግዴታ ነው፣ ወጪሽን ስታሰቢ እሱን አትርሺ።

ወረቀቱን ስላገኘሽ ብቻ ግን በማግስቱ ለጽዳት አትሩጪ። ትልቁ ጣጣ ሚዛን መጠበቁ ላይ ነው። ሳትሰምጪም ወደ ላይ ሳትነሺም ባለሽበት ጸጥ ብለሽ መቆየት ካልቻልሽ፣ አንድ እጅሽ ከረጢት፣ ሌላው መቀስ ይዞ እያለ እግርሽ ላይ ያለው ፊን (የመዋኛ መቅዘፊያ ጫማ) ከኋላሽ ኮራሉን ይሰብረዋል፣ አንቺ እንኳን አታዪውም። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አያድግም። በአንድ ርግጫ የስንት ዓመት ዕድገት እንደሚሄድ አስቢው። እኔ ብሆን መጀመሪያ አሸዋ ባለበት ቦታ ደጋግሜ እለማመድ ነበር።

የምትለቅሚውንም መምረጥ አለ። የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ኮራል ላይ ተጠምጥሞ ካገኘሽ አትጎትቺው፣ ቆራርጠሽ በየቁራጩ አውጪው። ኮራል ካደገበት ደግሞ ተዪው፣ ቤቱ ሆኗል። ጠርሙስና ቆርቆሮ ከረጢት ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ውስጡን እዪ፤ ትንንሽ ዓሣና ኦክቶፐስ ይደበቁበታል። ጓንት ግድ ነው፣ እሱንም ለብሰሽ ቢሆን እጅሽን ያላየሽው ጉድጓድ ውስጥ አትክተቺ። ቀይ ባሕር ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ ዓሣ አለ፣ እሾሁ በቀላሉ የሚረሳ አይደለም። ጎማና ባትሪ የመሰለ ከባድ ነገር በአየር ከረጢት ነው የሚወጣው፣ እሱ ራሱን የቻለ ሥልጠና ስላለው ለሠለጠኑት ተዪላቸው።

እኔ_አላምንም፦
ሞራል ለመንካት አይደለም ግን ኮራልን የሚጨርሰው የባሕሩ ሙቀት ነው። የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ (ሪፍ የኮራል ክምር ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በተከታታይ በሙቀት ቀለሙን አጥቶ ሲነጣ በጠርሙስ ምክንያት አልነበረም። አሥር ከረጢት ቆሻሻ ብታወጡ ውኃው አይቀዘቅዝም። በበኩሌ ፎቶው ነው የሚበዛው።

ቀይ_ባሕር፦
@እኔ_አላምንም በአጠቃላይ ልክ ነህ፣ ስለ ኤይላት ግን አይደለህም። የኤይላትና የጎረቤቷ የዮርዳኖሷ አቃባ ኮራሎች ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ እንደሚቋቋሙ ተመራማሪዎች ካወቁ ቆይተዋል። ማብራሪያቸው ደግሞ ወደኛ አካባቢ ይወስድሃል። በበረዶው ዘመን ቀይ ባሕር ጨዉ በዝቶ ለብዙ ፍጥረት የማይሆን ነበር። በኋላ ኮራሎቹ ተመልሰው የገቡት ከደቡብ፣ በባብ ኤል ማንደብ (በቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ) በኩል ነው። እዚያ ያለው ውኃ በጣም ሞቃት ስለሆነ ሙቀት የማይችለው ዝርያ እዚያው ቀረ፣ የቻለው አለፈና ቀዝቀዝ ወዳለው ሰሜን ደረሰ። ለዘላለም ይቋቋማሉ ማለት አይደለም፣ ግን ከሌሎቹ የተሻለ ጊዜ አላቸው። ስለዚህ እዚህ ከሙቀቱ ይልቅ የሰው እጅ ያመጣው ነገር ነው ቶሎ የሚያሰጋው፦ የነዳጅ መፍሰስ፣ ፍሳሽ፣ ቆሻሻ፣ የሚረግጥ ቱሪስት። ጽዳት ትርጉም የሚኖረው ቦታ ካለ ይሄ ነው።

ስለ ፕላስቲክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። በእስያና ፓስፊክ 159 ሪፎችን አይተው፣ ፕላስቲክ የነካው ኮራል የመታመም ዕድሉ ከ4 ወደ 89 በመቶ እንደሚወጣ ጻፉ። ፕላስቲኩ ይፍቀዋል፣ ብርሃን ይከለክለዋል፣ ከዚያ በሽታ ይገባል። ኤይላት ላይ የተደረገ ጥናት አይደለም፣ ግን ለኔ በቂ ምክንያት ነው።

ፎቶው እኔንም ያሰለቸኛል። ጥሩ ቡድን ግን የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው። ቆሻሻውን ይለያል፣ ይመዝናል፣ ይመዘግባል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ጠላቂዎች ያወጡትን የሚያስመዘግቡበት ዳይቭ አጌንስት ደብሪ የሚባል ፕሮግራም አለ። የማይመዘግብ ቡድን ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

ባሕረኛዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግልጽ ነው። ለኮርሱ እስክቆጥብ ድረስ ሳልጠልቅ የምሠራው ነገር አለ? ደግሞ በመስከረም ለበዓል ወደ አዲስ አበባ ልሄድ አስቤያለሁ፣ ከዚያ በፊት ኮርሱን ልጨርስ ይሆን?

ጥልቁ፦
አለ እንጂ። ዳርቻው ላይ ያለውን መልቀም ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነፋሱ ወደ ውኃ ሳይወስደው ያነሣሽውን ማንም ጠልቆ አይለቅመውም። በስኖርክልም (ፊትን ውኃ ውስጥ አድርጎ በሚተነፈስበት ቱቦ) ላይ ላዩን የሚንሳፈፈውን መሰብሰብ ይቻላል፣ ኮራሉ ላይ ግን እንዳትቆሚ። የዓለም አቀፉ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ቀን በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው፣ ማለትም ከእንቁጣጣሽ በኋላ። የዳይቪንግ ክለቦቹን ቀደም ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ዳር ሆኖ የሚመዝንና የሚለይ ሰው ሁሌ ያጥራቸዋል።

ስለ ጉዞሽ፦ ኮርሱን ከበረራሽ ጋር አታጣብቂው። ደጋግመሽ ከጠለቅሽ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቂ፣ እኔ አንድ ሙሉ ቀን እላለሁ። ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሠርቶ ጉድ ያደርግሻል። ትኬቱን ቀድመሽ ቁረጪ፣ የኮርሱን ቀን ከሱ አንጻር አስተካክዪ።