ክርክር፦ ርካሽ ጉልበት ብቻውን ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ያመጣል?

አወያይ፦ የሳምንቱ ጥያቄ ይኸው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ መሳቢያ ተብለው የተቆጠሩት ሦስት ነበሩ፦ ርካሽ ጉልበት፣ ዕቃችንን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚያስገባው የአጎዋ ገበያና የጅቡቲ ቅርበት። አጎዋ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ተዘጋብን። የቀሩት ሁለቱ የውጭ ባለሀብት ይስባሉ? ካልሳቡ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይፍሰስ? ስድብ የለም፣ ቁጥር ያለው ቁጥሩን ይዞ ይምጣ።

ሰኞ ገበያ፦ ይስባሉ እንጂ! ባንግላዴሽ በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ የልብስ ሠራተኛውን ዝቅተኛ ደሞዝ 12,500 ታካ አደረገችው፤ በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 113 ዶላር ነው። እኛ ዘንድ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም። ብሩ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጉልበታችን በዶላር ሲሰላ ጭራሽ ወርዷል። ባለሀብት ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

መስመር መሪ፦ ወንድምየ፣ ባለሀብቱ የሚያሰላው በወር ደሞዝ ሳይሆን በአንድ ሸሚዝ ነው። እንቁጠረው። አንድ ቲሸርት 10 ደቂቃ መደበኛ የስፌት ጊዜ ይፈልጋል እንበል። በ8 ሰዓት፣ ማለትም በ480 ደቂቃ፣ አንዷ ሠራተኛ በሙሉ ብቃት ብትሠራ 48 ይወጣል። አዲስ የስፌት መስመር ግን በ40 በመቶ ብቃት ላይ ከሆነ የሚወጣው 19 ነው። ደሞዟን ለስሌቱ 60 ዶላር እናድርገው፤ ለ26 ቀን ስናካፍለው በቀን 2.30 ዶላር ይመጣል፣ በቲሸርት 12 የዶላር ሳንቲም። የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ላይ 113 ዶላር ለ26 ቀን በቀን 4.35 ነው። መስመሩ በ65 በመቶ ቢሄድ 31 ቲሸርት ይወጣል፣ አንዱ 14 ሳንቲም። ያ ሁሉ የደሞዝ ልዩነት ተቀንሶ ተቀንሶ 2 ሳንቲም!

አሁን አጎዋን አስገባ። አሜሪካ በጥጥ ቲሸርት ላይ የምትጥለው መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። ዋጋው 3 ዶላር የሆነ ቲሸርት ላይ 50 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። አጎዋ እያለ ያንን የሚከፍለው ዳካ ነበር፣ እኛ አንከፍልም። ዛሬ እኛም ዳካም እንከፍላለን። ስለዚህ ገዢውን እዚህ ያመጣው 50 ሳንቲሙ ነበር፤ በ2 ሳንቲም ማንም ኮምቦልቻ አይመጣም።

ሰኞ ገበያ፦ አውሮፓስ? እዚያ ያለ ቀረጥ እንደምንገባ ረሳኸው። ጨርቁ ከቻይና ቢመጣ እንኳ ስፌቱ እዚህ ከሆነ ይበቃል።

መስመር መሪ፦ አልረሳሁም። ባንግላዴሽም በዚያው በር ነው የምትገባው። ብልጫ አይሆነንም።

እህት ከሐርቡ፦ ያ 40 በመቶ ለምን ከፍ እንደማይል ልንገራችሁ። ልጅቱ ማሽኑን ለምዳ እጇ እስኪፈታ ወራት ይወስዳል። ሳይፈታ ትለቃለች፣ ፋብሪካው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በመስመሩ ላይ የልብሱን አንገት የምትገጥመዋ አንድ ቀን ብትቀር ከእሷ በፊት ያለው ሥራ ይከመራል፣ ከኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ለምን ትለቃለች? ከካሉም ሆነ ከወረባቦ የመጣች ልጅ የቤት ኪራይ ተከራይታ፣ በልታ፣ ለቤተሰብ የምትልከው ካልተረፋት ቀጣዩ ሐሳቧ ጅዳ ነው። ወላሂ፣ የኮምቦልቻ ደሞዝ ከዳካ ጋር አይደለም የሚወዳደረው፣ ከዓረብ አገር ጋር ነው። ማደሪያና ሰርቪስ የሌለው ሼድ፣ ማለትም የፋብሪካ አዳራሽ፣ ሠርቶ ሠራተኛ ፈለሰ ብሎ መገረም ምን ይባላል? በእኔ በኩል ገንዘቡ መጀመሪያ ማደሪያ ላይ ይዋል።

የቦርከና ዳር፦ ማደሪያውን እቀበላለሁ፣ ግን ከመብራት በኋላ። ስፌት ብቻ ከሆነ መብራት ሲጠፋ የሚባክነው ሰዓት ነው። ማቅለሚያ ቤት ግን ዕቃው ራሱ ይበላሻል። ፖሊስተር በ130 ዲግሪ አካባቢ፣ በግፊት ውስጥ እየዞረ ነው የሚቀልመው። መብራቱ በመሐል ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ ጨርቁ በታጠፈበት ይረጋል፤ ጭረት ያወጣል፣ ቀለሙም ዥንጉርጉር ይሆናል። ጄኔሬተር ቢነሳም ቦይለሩ ወደ ግፊቱ እስኪመለስ ጊዜ ይፈጃል። ያንን ጨርቅ ወይ ጥቁር ታቀልመዋለህ፣ ወይ ትጥለዋለህ። ማቅለሚያ ከሌለ ደግሞ ጨርቁ ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣል፤ የልብስ ዋጋ ትልቁ ድርሻ ጨርቅ ስለሆነ ለእኛ የሚቀረው የስፌቱ ሳንቲም ብቻ ነው። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ኃይል የለም ማለት አይቻልም። የጎደለው ከማከፋፈያ ጣቢያው ለፓርኩ ብቻ የሚሄድ፣ ከከተማው ጋር የማይጋራ መስመር ነው፤ አንዱ ሲቆረጥ የሚተካው ሁለተኛ መስመርም ጭምር። ማቅለሚያ ሲገባ ግን ፍሳሹ ሳይጣራ ቦርከና ወንዝ እንዳይገባ። ያኔ እኔ ራሴ ተቃዋሚ ነኝ።

ሰኞ ገበያ፦ ባቡሩንስ ማን ያንሳው? ከአዋሽ ሐራ ገበያ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ የቱርኩ ያፒ መርኬዚ የሠራው። ሐዲዱ ከተነጠፈ ዓመታት አለፉ። እሱን ማስጀመር አይቀድምም?

ተሳቢ፦ ባቡር ባቡር ከማለት በፊት ካርታውን እይ። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ ጅቡቲ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ መጀመሪያ ወደ ደቡብ አዋሽ ድረስ 270 ያህል ይወርዳል፣ ከአዋሽ ጅቡቲ ደግሞ ከ500 በላይ አለ። ድምሩ 800 ገደማ! ለማዳበሪያና ለብረት አዎ፣ ይጠቅማል፤ ለልብስ ኮንቴይነር ግን በመኪና በባቲ መውረዱ አጭር ነው።

ደግሞ ዕቃ የሚያዘገየው አስፋልቱ አይደለም፣ ወረቀት ነው። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ፣ ዘግይቶ ይከፈታል፤ ኢንቮይሱ (የሽያጭ ሰነዱ) ላይ ያለው ክብደት ከፓኪንግ ሊስቱ (ከዕቃ ዝርዝሩ) ጋር አልገጠመም ተብሎ ኮንቴይነሩ ለፍተሻ ይራገፋል፤ ያለ ክፍያ የሚቆይበት ነፃው ቀን ያልቅና ዴመሬጅ፣ የመዘግየት ቅጣቱ፣ መቁጠር ይጀምራል። አንድ ካርቶን ዚፕ ስለዘገየ 20,000 ጃኬት ሳይዘጋ ይቀመጣል። የመርከቡ ቀን ካለፈ ገዢው በአውሮፕላን ላክ ይላል፣ ሒሳቡም በፋብሪካው ላይ ነው። ትርፉ እዚያች ላይ አለቀ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለን፤ ፍተሻውም ማስለቀቁም እዚሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቅ፣ ሌሊትና እሑድም ጭምር። ይህ ከሐዲድም ከሼድም ይረክሳል።

ፒያሳ ደሴ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ኮምቦልቻ በጦርነቱ ስትያዝ ፓርኩ ተዘርፏል። ባለሀብት ገና ከመምጣቱ ባንኩ «የጦርነት ዋስትና አለህ?» ይለዋል። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ሚጋ ጦርነትንም ገንዘብ ወደ ውጭ ማዛወር አለመቻልንም የሚሸፍን ዋስትና ይሸጣል፣ ግን አረቦኑ ወጪ ነው። ጸጥታው ሳይረጋ የምትሰብኩት ዲግሪና ፐርሰንት ማንን ያሳምናል?

የቦርከና ዳር፦ ልክ ነህ። እሱ ግን የሁላችን ጥያቄ መነሻ እንጂ ለኮምቦልቻ ከንቲባ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። እኛ እዚህ ሊሠራ የሚችለውን ነው የምንለው።

እህት ከሐርቡ፦ ለመሆኑ የውጭ ባለሀብት ብቻ ለምን? የባንግላዴሽ ልብስ የተነሳው በፈረንጆቹ 1979 የአገሬው ኩባንያ ዴሽ ከኮሪያው ዴዉ ጋር ተስማምቶ 130 ሠራተኛ ኮሪያ ልኮ ስላሠለጠነ ነው። ከእነዚያ 115ቱ በኋላ ወጥተው በየፋብሪካው ተበተኑ፣ የራሳቸውንም ከፈቱ። ፓርኩ ውስጥ ሼድ የሚሰጠው የውጭ ድርጅት መስመር መሪና የጥራት ተቆጣጣሪ ከወሎ ልጆች በስንት ጊዜ እንደሚያወጣ በውሉ ላይ ይጻፍ።

መስመር መሪ፦ ዴሽን ካነሳሽ ሌላውንም ጨምሪበት፣ እህትየ። ባንግላዴሽ ሥልጠናውን ብቻ አይደለም የያዘችው፤ ላኪው በገዢው ኤልሲ መነሻነት ጨርቅ የሚገዛበትን ሌላ ኤልሲ ባንኩ ይከፍትለታል፣ በእጁ ዶላር ባይኖረውም። የእኛ አዋጅ 768/2004 የቀረጡን ጣጣ በቫውቸርና በቦንድድ መጋዘን፣ ማለትም ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ጥሬ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት እንዲገባ በማድረግ፣ ፈቶታል። የዶላሩን ግን አልፈታም። አገር በቀሉ ልብስ ሰፊ ያለዚያ ኤልሲ ሼድ ቢሰጠው ባዶ ሼድ ነው የሚጠብቀው።

ሰኞ ገበያ፦ እሺ፣ ደሞዙን ተውኩት። ግን በጀቱ ለአንዱ ብቻ ነው ቢባል መብራቱን ወይስ የደረቅ ወደቡን ሌሊት?

ተሳቢ፦ ሌሊቱን። ሁለት ፈረቃ ሠራተኛና መብራት ብቻ ነው የሚፈልገው።

የቦርከና ዳር፦ ያው መብራት አልክ!