«ሐይቁ የገበሬው ነው» ስላሉት ተናጋሪ

የመገጭ ልጅ፦
ትናንት ባሕር ዳር በተካሄደ ውይይት ላይ፣ ጣናን ለመጠበቅ መንግሥት በየዓመቱ ቋሚ የድጋፍ ገንዘብ ይመድብ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ አንድ ተናጋሪ ተነሥተው «ሐይቁ የገበሬው ነው፤ ገበሬው ወጥቶ እምቦጩን ይንቀል እንጂ ገንዘብ ምን ያደርጋል?» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። ጭብጨባው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በእኛ ዳርቻ፣ መገጭ ወንዝ ወደ ጣና በሚገባበት በኩል ነው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል ነው የኖረው። ማታ ቤት ሲገባ እናቴ አልቅቱን ከእግሩ ላይ ትለቅምለታለች። እምቦጩ ከክረምት በኋላ ሲንሰራፋ ደግሞ ሰብል የሚሰበሰብበት ጊዜ ይደርሳል። ያንን ሰው ነው «ይውጣ» የሚሉት? ወጥቶ መቼ ገባና!

የፋሲሎው፦
እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ካጨበጨቡትም አንዱ ነኝ። ንግግሩን ከመሐሉ ቆርጠህ አታቅርበው። ሰውዬው ያሉት፣ ገንዘብ ከመጣ ወዲህ በራስ ፈቃድ መውጣት ቀረ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንድ ወር ሙሉ ዘመቻ ተካሄደ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ወጣ፤ እምቦጩ ግን ተመልሶ መጣ። ብዙ ብር የወጣባቸው ማሽኖች ዳር ላይ ቆመው ዝገት ሲበላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ያለ አበል የሚነቃነቅ ሰው የለም። የራሱን ቤት ለሚያጸዳ ሰው ማን ይከፍለዋል?

ቆላ ድባ፦
አበል የምትለው የማንን ነው? አበል የሚቀበለው በመኪና መጥቶ ዳር ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ነው። ውሃ ውስጥ ለሚገባው የሚሰጠው የቀን ሥራ ክፍያ ነው፤ እሱም በመጣ ጊዜ። ሁለቱን አታምታታ።

የመገጭ ልጅ፦
«የራሱ ቤት» አልክ። እሺ፣ ቤቱ ከሆነ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ውሃው ወደ ዓባይ የሚለቀቅበትን የጨረጨራን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ገበሬው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሐይቁ ከፍና ዝቅ የሚለው በዚያ በር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ውሃው በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ወርዶ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችሉ ተርባይኖችን ያዞራል። ዳርቻው ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲሰጥስ አባቴን ማን ጠየቀው? መብራቱ የአገር፣ ዳርቻው የባለሀብት፣ እምቦጩ የገበሬው። እንዲህ ያለ የቤት ባለቤትነት አላውቅም።

ዘጌ ዳር፦
ወንድሜ የፋሲሎው፣ እስቲ ማታ ማታ ከከተማህ ከባሕር ዳር ወደ ሐይቁ የሚወርዱትን ቦዮች ተከትለህ ውረድ። እኔ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር በተመላለስኩ ቁጥር የማየውን ታያለህ፤ የምትሸተውንም ትሸታለህ። እምቦጭ የሚፋፋው በምን ሆነና? የከተማው ፍሳሽ ይመግበዋል፤ ገበሬው ይነቅለዋል።

የፋሲሎው፦
እህቴ፣ ፍሳሹን አልክድም። ነገር ግን እምቦጩ የተስፋፋው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። ባሕር ዳር ያለችው በደቡብ ጫፍ ነው። በሰሜንና በምሥራቁ ዳርቻ እምቦጩን የሚያፋፋው ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና አፈር ነው። ውሃው በሸሸ ቁጥር እየተከተለ የሚያርሰውስ ማን ነው? ደንገል የተባለውን የውሃ ዳር ተክል ነቅሎ ሰብል የዘራውስ? ደንገል ለታንኳ ብቻ አልነበረም፤ ከወንዝ የመጣውን አፈር የሚያጣራ ወንፊት ነበር። ይህን ያጠፋ እጅ ሲከፈለው እንጂ ሲጠየቅ አላየሁም። ቋሚ ገንዘብ አልቀበልም የምለው በዚህ ነው።

ፎገራ ሜዳ፦
ስለ ባሕር ሸሽ መሬት ስታወራ በጥንቃቄ አውራ። እኔ ከዚያ መሬት ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ርብና ጉማራ በየክረምቱ የሚያመጡት አፈር ከማሳዬ የተነሣ አይደለም፤ ከጉና ተራራ ነው የሚመጣው። ላይ ያለው ገበሬ እርከን ካልሠራ እኔ ታች ሆኜ በእጄ ልመልሰው? ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ጉና ሥር ወዳለው ፋርጣ ይውጣ። እዚያ እርከን የሚሠራው ሰው ሐይቁን አይቶትም አያውቅ ይሆናል፤ ያለ ክፍያ ለምን ብሎ ይቆፍራል?

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን በውሃ ሥራ ጨርሻለሁ። ሁላችሁም ገንዘቡ ለማን ይሰጥ ትላላችሁ፤ በምን ቅደም ተከተል ይሰጥ የሚል አላየሁም። አሜሪካ ውስጥ ለሐይቆች ብቻ የተለየ የመንግሥት ድጋፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 145 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ። መጀመሪያ የብክለቱ ምንጭ ይጠናል፤ ለዚህ የፌዴራል መንግሥቱ 70 በመቶ ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ለማገገሚያው ሥራ 50 በመቶ ይሰጣል፤ የቀረውን ክልሉና አካባቢው ያዋጣሉ። ያልተጠና ሐይቅ የማገገሚያ ገንዘብ አያገኝም። እኛም ጥናት ይቅደም።

ቆላ ድባ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ «ጥናት ይቅደም» የሚለው ቃል ደሜን ያፈላዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ስንት ጥናት ተጠና? ጀልባ ተከራይተው፣ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው፣ ጠይቀውን የሄዱት ሰዎች አንድም ቀን ውጤቱን ይዘው አልተመለሱም። እምቦጭ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ጥናት ቀድሞት አያውቅም።

ጡረተኛው፦
ቆላ ድባ፣ እኔ አዲስ ጥናት አላልኩም። ያለው ተሰብስቦ ገንዘቡ በእሱ ላይ ይታሰር ነው የምለው። የነቀልነውን ዳር ላይ ከምረን ሄድን፤ ሐይቁ ሲሞላ ወሰደው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ይቆያል። ይህ እየታወቀ ገንዘብ የምንመድበው ለአንድ ወር ነው። ቁጭቴ እዚህ ላይ ነው።

የመገጭ ልጅ፦
ጋሼ፣ ያ የአሜሪካኑ ገንዘብ አሁንም አለ?

ጡረተኛው፦
የለም። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ ለብቻው የሚያዘው በጀት ቀረ፤ ሐይቆቹም ከሌላ የብክለት በጀት ጋር ተደረቡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን «ታላላቆቹ ሐይቆች» ለሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የተለየ ገንዘብ እንደገና ተጀመረ፤ በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር።

የፋሲሎው፦
አያችሁ? እነሱም አቋርጠውታል! ሀብታም አገር ያልቀጠለውን እኛ እንዴት እንቀጥለው?

ዘጌ ዳር፦
ጋሼ የተናገሩትን ግማሹን ብቻ ነው የሰማኸው። እንደገና ጀመሩት አሉ እኮ። ሰው ቆርጦ አቀረበ ብለህ የተነሣኸው አንተ ነበርክ።

ፎገራ ሜዳ፦
በቪክቶሪያ ሐይቅ እምቦጩን ጢንዚዛ በላላቸው ይባላል። እውነት ከሆነ ለምን እዚህ አይለቀቅም? ደግሞ ሩዜን ቢበላስ?

ጡረተኛው፦
እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዩጋንዳ ለቀቀችው፤ ኬንያም ተከተለች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ እጅግ ቀነሰ። ጢንዚዛው የሚኖረው በእምቦጭ ላይ ነው፤ ሩዝ አይበላም። ዓመታት ይፈልጋል እንጂ። ለአንድ ወር በተመደበ ገንዘብ ጢንዚዛ አይረባም።

ፎገራ ሜዳ፦
አይበላም ያሉኝን እሰማለሁ፤ ሲበላ ግን ከሜዳው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ኃላፊነቱን የሚፈርም ሰው ይምጣ።

የፋሲሎው፦
ወደ ነገሬ ልመለስ። ቀበሌው ገንዘቡን ቢቀበል፣ የሐይቁ ወሰን በችካል ባልተከለለበት ዳርቻ፣ ደንገሉ መልሶ መተከሉን ማን ይቆጣጠራል? ለዚህ መልስ የሰጠኝ የለም።

ቆላ ድባ፦
ወሰኑ ይከለል። ስምምነት ነው። ግን ሲከለል ከገበሬው ማሳ ብቻ አይጀመር፤ ባሕር ዳር ውስጥ ውሃው አፍ ላይ ከታጠሩት ግቢዎች ይጀመር። ያን ቀን አብሬህ ችካል እሸከማለሁ።

የፋሲሎው፦
ከሁለቱም በአንድ ቀን ይጀመር።

ቆላ ድባ፦
አይደለም። ከግቢዎቹ።

የመገጭ ልጅ፦
አባቴ አሁን ደወለ። ነፋሱ ዞሮ በምዕራቡ ዳርቻ በደልጊ በኩል የነበረውን እምቦጭ ወደ እኛ ገፍቶታል፤ ታንኳ ማውጣት አልተቻለም። ጠዋት ከጎረቤቶቹ ጋር ይወጣል። የፋሲሎው፣ አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨባችሁት ስንት ነበራችሁ?