ከቾንግፒዮንግሳ የመጨረሻው ጀልባ
ከጓደኛዬ ጋር ሴኡል ነን፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቾንግኛንግኒ በባቡር ቹንቾን እንሄዳለን። ዋናው ጉዳያችን ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ያለው፣ በ1960 ዓ.ም. ጃንሆይ የመረቁት የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ነው። የጓደኛዬ አያት ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ስለዘመቱ ሐውልቱን ሳናይ ሌላው አይታሰብም። ከሰዓት በኋላ ሶያንግ ግድብ ወጥተን በጀልባ ወደ ቾንግፒዮንግሳ ገዳም መሻገር አማረን።

ጉግል ካርታ የእግር መንገድ አላወጣልንም። ኔቨር የተባለውን የኮሪያ ካርታ ጫንን፤ እሱ አውቶቡሱን አሳየን እንጂ ስለ ጀልባው ዝም ነው። ያረፍንበት ቤት የሰጠን የጀልባ ሰሌዳ የነሐሴ ነው፤ አሁን ኅዳር ነው፣ ቶሎ ይመሻል። ሃንጉል፣ የኮሪያን ፊደል፣ እየቆጠርን እናነባለን፣ ደውሎ መጠየቅ ግን አልሆነልንም። ዳክጋልቢው (የቹንቾን የዶሮ ጥብስ) ለማታ ይቆየን፤ ገዳሙ ጋ ማደር ግን አንፈልግም።

በዚህ ወቅት ቅዳሜ ከገዳሙ ወደ ግድቡ የሚመለሰው የመጨረሻ ጀልባ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል?