የሽመና ጨርቅና ቆዳ በአንድ ቦርሳ፦ ስፌቱ ይከፈታል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ዋጋውስ?

ድርና ማግ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ሸማኔ ነው፤ እኔ እፈትላለሁ፣ የቆዳ ቦርሳም እሰፋለሁ። ሁለቱን ሙያ በአንድ ዕቃ አገናኝተን ለመሸጥ አስበናል። ታቹና ማንገቻው ቆዳ፣ ላዩ ጥለት ያለው የእጅ ሽመና የሆነ የእጅ ቦርሳ ነው፤ ወርዱ 36፣ ቁመቱ 32፣ የታቹ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር። በናሙናዎቹ ላይ ያየናቸው ችግሮች እነዚህ ናቸው፦ ጨርቁ ከቆዳው ጋር በተሰፋበት መስመር እየተንሸራተተ ክፍተት ያወጣል፤ የቡናማው ቆዳ ቀለም ነጩን ጥጥ ይነካዋል። ለአንድ ቦርሳ ስንት ስኩዌር ፊት ቆዳ ይበቃል? ዋጋውን በምን ሒሳብ እንቁረጥ? ንግድ ፈቃዱስ በማን ስም ቢወጣ ይሻላል?

ወስፌ

እህቴ፣ የሚከፈተው ስፌቱ ሳይሆን ጨርቁ ነው። ለትከሻ የተሸመነ ጥጥ ልል ስለሆነ ክብደት ሲንጠለጠልበት ማጉ (የአግድሙ ክር) ከስፌቱ ሥር ይሸሻል። ስፌቱን ማጥበቅ አይረዳም፤ ብዙ ቀዳዳ በተጠጋጋ ቁጥር ቆዳውም እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። የቆዳ መርፌ ጫፉ ስለታም በመሆኑ ጨርቁ ላይ በቀጥታ ሲወርድ ክሩን ይቆርጣል፤ ይህም ያባብሰዋል።

ጨርቁን አጥባችሁ ከተኮሳችሁ በኋላ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ በካውያ የሚለጠፍ ደጋፊ ጨርቅ አልብሱት። ደጋፊው ራሱ የተሸመነ ዓይነት ይሁን፤ ወረቀት የሚመስለው ሲታጠፍ ይሰበራል። ካውያውን አትግፉት፤ ከገፋችሁት ጥለቱ ይጣመማል። አንድ ቦታ ላይ ከ10 እስከ 12 ሰከንድ ተጭናችሁ አንሡና ወደሚቀጥለው ውሰዱት። ሙጫው ሳይቀዘቅዝ አትቁረጡ። ከተቆረጠ በኋላ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን በቀጭን መርፌ አንድ መስመር ስፉ፤ ይህ መስመር ጨርቁ እንዳይተረተር ይይዘዋል።

መጋጠሚያው ላይ ቆዳው ከላይ፣ ጨርቁ ከሥር ሆኖ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይደራረቡ። ከጨርቁ ሥር ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ የጥጥ ጥብጣብ አስገቡ፤ ጨርቁ በቆዳና በጥብጣብ መካከል ይጨመቃል ማለት ነው። ሁለት መስመር ይሰፋል፤ አንዱ ከቆዳው ጠርዝ በ3 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው በ10 ሚሊ ሜትር። የስፌቱ እርምጃ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። በመኪና ከሆነ 16 ቁጥር የቆዳ መርፌና የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ተጠቀሙ፤ የጥጥ ክር በላብና በእርጥበት ይበሰብሳል። በእጅ ከሆነ በሁለት መርፌ፣ በሰም በታሸ 0.8 ሚሊ ሜትር ክር ነው። ለእጅ ስፌት የመስመሩን ርዝመት አራት እጥፍ ክር ቁረጡ፤ ክር መሐል ላይ ሲያልቅ የሚቀጠልበት ቦታ ቀድሞ የሚላላው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቆዳው መጠን። የታቹ ቆዳ ከፊት 9፣ ከሥር 10፣ ከኋላ 9 ሲደመር 28 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዱ ከጎንና ከስፌት ትርፍ ጋር 48 ይሆናል። 28 በ48 ሲባዛ 1,344 ካሬ ሳንቲ ሜትር። ሁለት ማንገቻ፣ እያንዳንዱ 60 በ5 (ታጥፎ 2.5 የሚሆን)፣ 600። ለዚፕ ጫፍና ለምልክት 100 ጨምሩ። ድምሩ 2,044 ነው፤ አንድ ስኩዌር ፊት 929 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 2.2 ስኩዌር ፊት ይመጣል። በጠባሳ፣ በመዥገር ምልክትና በሆድ ቆዳ ምክንያት 30 በመቶ ለብክነት ሲታሰብ ለአንድ ቦርሳ 3 ስኩዌር ፊት ያዙ። ውፍረቱ ለታቹ ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ያለው የከብት ቆዳ ይሁን። የበግ ቆዳ ውብና ለስላሳ ነው፣ ግን ብቻውን ለታች አይሆንም፤ ይረግባል። ማንገቻውን ሁልጊዜ ከጀርባው መስመር ርዝመት ቁረጡ፤ ከሆድ የተቆረጠ ማንገቻ በሳምንታት ውስጥ ይለጠጣል፣ ያውም አንዱ ከሌላው ይበልጥ። ሲታጠፍ መሐሉ ላይ የማይለጠጥ ጥብጣብ ቢገባበት ይበልጥ ይጸናል።

ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡና በጣት ሲነኩት እስከማይዝ ድረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። እርጥብ ሳለ ከተጋጠመ ሙጫው ወደ ጥጡ ይሰርግና ቢጫ ምልክት ያወጣል፤ ያ ምልክት አይለቅም። ማስቲሽ የሚቀባው ቆዳውና ጥብጣቡ ላይ ነው፤ የጨርቁ ፊት ላይ አይደርስም።

የቀለሙን ነገር ቆዳውን ከመግዛታችሁ በፊት ነው የምታውቁት። ነጭ ጨርቅ በትንሹ አርጥባችሁ የቆዳውን ፊት 20 ጊዜ እሹ፤ ጀርባውንም እንዲሁ። ጨርቁ ከቀለመ ያ ቆዳ ለነጭ ጥጥ አይሆንም። ከፊቱ ባይለቅም ከጀርባውና ከተቆረጠው ጠርዝ የሚለቅ አለ፤ ነጩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው። ጠርዙን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ሁለት ጊዜ የጠርዝ ቀለም ቀቡት፤ በመካከሉ ይድረቅ። በውኃና በማሸት ብቻ የሚያምረው በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ጠርዝ ነው፤ በክሮም (በኬሚካል) የለፋው ሲታሽ ይፈረፈራል እንጂ አይወለውልም።

መወርወሪያ

ወስፌ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ ግን ነገሩ መጀመር ያለበት ከሽመናው ነው። ለነጠላ የተደራ ድር (የቁመቱ ክር) ላይ ቦርሳ አይሸመንም። ደጋፊ ጨርቅ ልል ሽመናን ለጊዜው ይይዘዋል፤ ከጊዜ በኋላ ሙጫው ሲደክም ክሩ ተመልሶ ይሸሻል። ባለቤትሽ ለዚህ ሥራ ለብቻው ቢያደራ ይሻላል።

ድሩ የፋብሪካ ድርብ ክር ይሁን። ማጉ ያንቺ ፈትል መሆኑ ውበቱም መለያውም ነው፣ ግን ለጋቢ ከምትፈትይው ይልቅ ጠበቅ አድርገሽ አክርሪው፤ ልል ፈትል እጅ በነካው ቁጥር ይለበድና ያብባል። በሽመናው ላይ እያንዳንዱን ማግ አንዴ እግር ሳይቀየር፣ አንዴ ከተቀየረ በኋላ ሁለት ጊዜ መምታት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚወጣው ጨርቅ ያጥራል፣ ሥራው ግን ያ ነው።

ሳይታጠብ የተቆረጠ ጨርቅ ኪሳራ ነው። ከአዲሱ ሽመና 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ በለብ ባለ ውኃና ሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ተኩሱ፣ ከዚያ በድሩም በማጉም አቅጣጫ ለኩ። ሁለቱ እኩል አያጥሩም። 30ው 28 ሆኖ ቢገኝ የቀረው 93 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ታጥቦ 48 እንዲሆን የምትፈልጉት ከመታጠቡ በፊት 51.5 መሆን አለበት። የቁራጩ ቁመት 23 የሚታየው፣ 1.5 ከቆዳው ሥር የሚገባው፣ 4 ላዩ ላይ የሚታጠፈው፣ በድምሩ 28.5 ነው፤ ከመታጠቡ በፊት ወደ 31 ይጠጋል። በሁለት ቁራጮች መካከል 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ ተዉ፣ መቀስ ይገባበታል። ለ10 ቦርሳ 20 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 34፣ ይኸውም 6.8 ሜትር። ይህን ሁሉ በአንድ ድር ላይ ሸምኑት። ድሩ መነሻና መጨረሻው ላይ የማይሸመን ትርፍ ይተዋል፤ ሁለት ቁራጭም ሃያም ብትሸምኑ የሚጣለው እኩል ነው።

ጥለቱ ሲታጠብ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ጨውና ኮምጣጤ አያድኑትም፤ ብዙ ሰው ያምንበታል፣ ግን የገበያውን ክር ቀለም አይዙም። ክሩን ከመሸመኑ በፊት በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ ውኃው እስኪጠራ ማለቅለቅ ነው መፍትሔው። ቀዩና ጥቁሩ ላይ አትቸኩሉ። በራሳችሁ መንከር ከፈለጋችሁ ደግሞ እርድን ተዉት፤ ሲወጣ ያምራል፣ ፀሐይ ግን ይበላዋል። ቦርሳ የፀሐይ ዕቃ ነው።

ድርና ማግ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። የጨርቁን ጠርዝ እንደ ነጠላ ቋጭተን ከቆዳው በላይ እንዲንጠለጠል ብናደርግስ? ሌላው፣ ለገና ቨርጂኒያ ካሉ ዘመዶች ትእዛዝ አለ፤ ምን መጠንቀቅ አለብን?

የቀን መዝገብ

ስለ ዋጋው ልናገር፤ እዚህ ላይ ነው ባልና ሚስት አብረው ሲሠሩ የሚጎዱት። ሸማኔ ለፈትል ገንዘብ ከፍሎ ሲገዛ ወጪ ነው ይላል፤ ሚስቱ ስትፈትልለት ግን ነጻ ይመስለዋል። መፍተል ከመሸመን ይበልጥ ጊዜ ይበላል። ሁለታችሁም አንድ ደብተር ላይ ሰዓታችሁን ጻፉ፤ ጥጥ መዳመጥ፣ መፍተል፣ ማዳወር፣ ማድራት፣ መሸመን፣ መቁረጥ፣ መስፋት፣ ገበያ መሄድ ጭምር። ድር ማድራቱን ለ20 ቁራጭ አካፍሉት።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ የኔ ግምት እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፣ በየራሳችሁ ተኩ። ቆዳ 3 ስኩዌር ፊት በ150 ብር፣ 450። ጥጥና ክር 300። ገበር፣ ዚፕ፣ ማስቲሽ፣ ጥብጣብ 200። የዕቃ ድምር 950። የሁለታችሁ ጊዜ በአንድ ቦርሳ 8 ሰዓት ቢሆን፣ በሰዓት 80 ብር፣ 640። እስካሁን 1,590። ለኪራይ፣ ለመብራትና ለመሣሪያ 10 በመቶ፣ 159፤ 1,749 ሆነ። ከሃያ አንዱ ይበላሻል ብላችሁ 5 በመቶ ጨምሩ፣ 1,836። ትርፍ 20 በመቶ ሲገባበት ወደ 2,200 ይጠጋል። ይህ የጅምላ ዋጋችሁ ነው፤ ከዚህ በታች የሸጣችሁት ሁሉ ከጉልበታችሁ የተቀነሰ ነው።

ሱቅ አስቀምጦ ሲሸጥላችሁ 35 በመቶ ቢወስድ 2,200 እንዲደርሳችሁ የሱቁ ዋጋ 3,400 ገደማ መሆን አለበት፤ ከ3,400 ላይ 35 በመቶ ሲነሣ 2,210 ይቀራል። እናንተም ለደንበኛ በቀጥታ ስትሸጡ ያንኑ 3,400 ጠይቁ። በ2,200 ከቤት ከሸጣችሁ ባለ ሱቁ ይሰማል፣ ዕቃችሁንም ይመልሳል። ልዩነቷ የፎቶ፣ የመላኪያና የመሸጫ ጊዜ ዋጋ ናት። ዕቃ ለሱቅ በአደራ ስትሰጡ የቦርሳው ብዛት፣ ዋጋው፣ የሚከፈልበት ቀንና ቢበላሽ የሚጠየቀው ሰው በወረቀት ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገን ይፈርም።

በየወሩ መጀመሪያ ለሁለታችሁም የሰዓቱን ክፍያ ለየብቻ አውጡ፣ ቀጥሎ ለሚቀጥለው ዙር ቆዳና ክር ገንዘብ አስቀሩ፣ ትርፍ የምትሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። የአስቤዛ ገንዘብና የክር ገንዘብ በአንድ ኪስ ከተቀመጠ ክሩ ነው የሚያልቀው።

ውልና ማስረጃ

ስለ ፈቃዱ አጭር መልስ። መጀመሪያ ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ)፣ ከዚያ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ምዝገባና ፈቃድ። ፈቃዱ በአንዳችሁ ስም ቢወጣም በጋብቻ ወቅት በግል ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 62 እንዲህ ነው የሚለው። ሕጉ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፣ ክልሎች የራሳቸው አላቸው። ስለዚህ ስሙ በማን ይሁን የሚለው የሥራ ምቾት ጉዳይ ነው፤ ባንክና ግብር ቢሮ መመላለስ የሚችለው ሰው ይያዘው። ድርጅቶች ለስጦታ ሲገዙ ሕጋዊ ደረሰኝ ስለሚጠይቁ ያለ ፈቃድ ይህ ገበያ ዝግ ነው።

አንድ ነገር ግን ይምታታል። የንግድ ስም ማስመዝገብ ቦርሳው ላይ የምትለጥፉትን ምልክት አይጠብቅም። ምልክቱ ለብቻው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ጥበቃው 7 ዓመት ነው፣ ይታደሳል።

መወርወሪያ

ስለ ቋጩ፦ ከቆዳው በላይ እንዲንጠለጠል ካደረጋችሁት የሚቋጨው የድሩ ጫፍ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቁራጭ 12 ሳንቲ ሜትር ያልተሸመነ ድር መተው አለባችሁ፤ ከላይ ያልኩት 3 ሳንቲ ሜትር አይበቃም። የቦርሳ ታች በየቦታው ይታሻል፣ ቋጩም ይቆሽሻል፣ ይላጫል። እኔ ብሆን ዚፑ ላይ እንደ መጎተቻ አንድ ቋጭ ብቻ አንጠለጥል ነበር፤ ሲያረጅም ይቀየራል።

ወስፌ

ለቨርጂኒያው። ኢትዮጵያ ከአግዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዳለች፤ እስከ 800 ዶላር ያለ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራርም ከነሐሴ 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። በፖስታ ከላካችሁ ተቀባዩ ቀረጥ ሊጠየቅ እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት። ሰነዱ ላይ የቆዳውን ዓይነት፣ ጨርቁ ጥጥ መሆኑን፣ በእጅ መሠራቱንና እውነተኛ ዋጋውን ጻፉ። የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16 ስለሆነ ጥለቱ ከመስከረም ሳያልፍ ተሸምኖ ይውረድ።

ቆዳውን ክረምት ላይ የምትገዙ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት፤ ሻጋታ ያወጣል። በጥጥ ከረጢት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ይሁን። ስትልኩም የቦርሳውን ሆድ በነጭ ወረቀት ሙሉት፤ ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ገበሩ ላይ ይቀራል። ማንገቻውን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ በቆዳውና በጥጡ መካከልም አንድ ነጭ ወረቀት ጣል አድርጉ። የማሻሸት ፈተናውን ያለፈ ቆዳ እንኳ ሻንጣ ውስጥ ሲሞቅ ነጩ ላይ ጥላ ሊተው ይችላል።