የጂኤክስ 339-4 ሬዲዮና ኤክስሬይ ስሎፕ 0.3 ወጣ፤ የት ጋ ነው የተበላሸው?

አዌቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ለማስተርስ ቴሲስ የጂኤክስ 339-4ን (ብላክ ሆልና አጋር ኮከብ ጥንድ ነው) የሬዲዮና የኤክስሬይ ድምቀት በሎግ ግራፍ አስቀምጬ መስመር ሳሳልፍ ስሎፑ (የመስመሩ ዘንበል) 0.3 ይወጣል፤ የሚጠበቀው ከ0.6 እስከ 0.7 ነው። ሬዲዮው የሚርካት ቴሌስኮፕ 1.28 ጊጋኸርዝ፣ ኤክስሬዩ በጠፈር ጣቢያ ላይ ያለው የማክሲ ዕለታዊ ቆጠራ ነው። ሬዲዮ ባልታየበት ቀን የ3 ሲግማ ገደቡን (ቢኖር ከዚህ አይበልጥም የሚባለውን መጠን) ሞላሁ። የስዊፍት ሳተላይትን የኤክስሬይ ጥሬ ዳታ እንዳላወርድ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

ጅሬን፦ ጥፋቱ ገደቡን እንደ ልኬት መቁጠርህ ነው። ኤክስሬዩ ደምቆ ሬዲዮ የጠፋባቸው ቀናት ሶፍት ስቴት (ዝቅተኛ ኃይል ያለው ኤክስሬይ የሚበዛበት ሁኔታ) ናቸው፤ ጄቱ (ሬዲዮውን የሚሰጠው የፕላዝማ ፍንጥቅ) እዚያ ይከስማል። እነዚያ ነጥቦች የግራፉን ቀኝ ጫፍ ወደ ታች ስበው መስመሩን ያስተኙታል። ግንኙነቱ የሚሠራው ለሃርድ ስቴት (ከፍተኛ ኃይል ያለው ኤክስሬይ ለሚበዛበት ሁኔታ) ብቻ ነው። የማክሲን ከ4 እስከ 10 ኬቪ (ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት) ቆጠራ ከ2 እስከ 4 ላለው አካፍልና ውጤቱን በአግድም፣ ድምቀቱን በቁም ሣል፤ ቀኝ ክንዱን ብቻ አስቀር። ከላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ ያሉትንም አውጣ፦ እዚያ የሚታየው ሬዲዮ በአብዛኛው ተወርውሮ የሄደ ፕላዝማ ነው።

ሄርማታ፦ ማክሲንም ለደበዘዘው ጊዜ አትመነው፣ ዳራው ያሸንፈዋል። ጥሬ ዳታ ማውረድ አያስፈልግህም፤ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የስዊፍት ገጽ ላይ የምንጩን ስምና የምልከታውን ቁጥር ብታስገባ ስፔክትረሙን እዚያው ሠርቶ ትንሽ ፋይል ይሰጥሃል፤ ፓይልአፑንም (ምንጩ ሲደምቅ ፎቶኖች ተደራርበው እንደ አንድ የሚቆጠሩበትን ስህተት) ራሱ ያርማል። ከዚያ በኤክስስፔክ (የስፔክትረም መተንተኛ ፕሮግራም) ቲቢአብስ (የጋዝ መዋጥ) × ሲፍለክስ (የፍሰት መለኪያ) × ፓወርሎው (የምንጩ ስፔክትረም)፣ ከ1 እስከ 10 ኬቪ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ሲፍለክስን ከቲቢአብስ ፊት ካስቀመጥክ ጋዝ የዋጠውን ሳይመልስ ይለካልሃል። የፓወርሎውን ኖርም (የመጠን ማባዣውን) ፍሪዝ አድርገው (እንዳይለወጥ ቆልፈው)፤ ያለዚያ ፊቱ አይረጋም። የፓወርሎው ኢንዴክስ (የስፔክትረሙ ዘንበል) ከ2 በላይ ከወጣ ያ ቀን ሃርድ ስቴት መሆኑን ተጠራጠር።

አዌቱ፦ አመሰግናለሁ። ርቀቱ ግን? ወረቀቶቹ አይስማሙም።

ጅሬን፦ ለስሎፑ ግድ የለህም። ሁለቱም በርቀት ካሬ ስለሚባዙ ነጥቦቹ በሙሉ እኩል ይንሸራተታሉ። ከሌላ ብላክ ሆል፣ ለምሳሌ ከቪ404 ሲግኒ ጋር ስታወዳድር ነው የሚያስጨንቅህ፤ ያኔም 8 ወይስ 10 ኪሎፓርሴክ የሚለው ልዩነት 0.19 ዴክስ (በሎግ 10 መለኪያ) ያህል ነው፣ እሱም በሁለቱም አክሲስ። ለማጣሪያ፦ በ8 ኪሎፓርሴክ 1 ሚሊጃንስኪ (የሬዲዮ ፍሰት መለኪያ) በ5 ጊጋኸርዝ 3.8×10²⁹ ኧርግ በሰከንድ ሊሰጥህ ይገባል።

ኮከብ ቆጣሪ፦ ሬዲዮውን ከ1.28 ወደ 5 ጊጋኸርዝ ስትቀይር ስፔክትረሙ ጠፍጣፋ ነው ብለህ ካለፍክ፣ እውነተኛው የሬዲዮ ስፔክትረም ኢንዴክስ −0.6 ለሆነበት ቀን 5 ጊጋኸርዙን 2.3 እጥፍ ታጋንናለህ። ሬዲዮና ኤክስሬዩም በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተገጣጠሙ ጣላቸው። ሃርድ ስቴት ውስጥ የቀሩትን ገደቦች በቀስት አሳይ፤ ፊቱ ውስጥ ካስገባሃቸው ሴንሰርድ ዳታ (ገደቡ ብቻ የታወቀ ዳታ) የሚያስተናግድ ዘዴ ተጠቀም። ሌላው ብላክ ሆል ኤች1743-322 በደማቅ ጊዜው 1.4 ያህል ስሎፕ አለው፤ የአንተ ከ0.7 ቢያልፍ ወዲያው ስህተት ነው አትበል።